ጥር ላይ ጎጃም መኪና ልንከራይ ነው፤ የክሬዲት ካርዴ መድን ይበቃኛል?

ማርቆሴዋ | ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 3:40

እንደምን ሰነበታችሁ። የታናሽ ወንድሜ ሰርግ ጥር 16 ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። እኔ የምመጣው ከቨርጂኒያ ነው። አገሬን ካየሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ አብረውኝ ናቸው። መኪና ተከራይተን ለ12 ቀን ራሳችን እየነዳን ልንዞር አስበናል። ቢቸና የእናቴ ዘመዶች አሉ። ለልጆቹ ግሽ ዓባይንና ጢስ ዓባይን ማሳየት እፈልጋለሁ። ከዚያ ባህር ዳር ሁለት ቀን ዓሣ እየበላን አርፈን እንመለሳለን።

ጥያቄዬ ስለ መድን ነው። የያዝኩት ቪዛ ክሬዲት ካርድ የኪራይ መኪና መድን አለው። እዚህ አሜሪካ ስከራይ ድርጅቱ የሚሸጠውን መድን ሁልጊዜ «አልፈልግም» ብዬ ነው የምፈርመው። አንድ ጊዜ የፓርኪንግ ምሰሶ ጨርፌ ካርዱ ያለ ጭቅጭቅ ከፍሎልኛል። የካርዱን ዝርዝር ሳነብ መድኑ የማይሠራባቸው አገሮች ተብለው እስራኤል፣ ጃማይካ፣ አየርላንድና ሰሜን አየርላንድ ተጽፈዋል። ኢትዮጵያ የለችም። ከአሜሪካ ውጭ እስከ 31 ቀን ይሸፍናል ይላል። እኛ 12 ቀን ብቻ ነን።

ባለቤቴ ግን «የለችም ማለት ትዝ አላለቻቸውም ማለት ነው» ይላል። ማን ነው ልክ?

የደምበጫ ልጅ | ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 4:05

ርዕሱን ሳይ የሞባይል ካርድ መስሎኝ ነበር። ባለ መቶውን ሞልቶ መድን የሚሰጥ መጣ እንዴ ብዬ ሮጬ ገባሁ።

የበረሃው ሹፌር | ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 4:50

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። እኔ አዲስ አበባ ባህር ዳር መስመር 22 ዓመት ነድቻለሁ። የካርዱን ነገር አላውቅም። የዓባይን በረሃ ግን አውቀዋለሁ።

ከጎሃ ጽዮን ስትወርጂ እስከ ድልድዩ ቁልቁለት ነው። ከዚያ እስከ ደጀን ዳገት። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ቦታ ቦታ ላይ እንደ ሞገድ ተጣጥፏል። ፊትሽ የከበደ ተሳቢ እየተሳበ ይወርዳል። ከኋላሽ ሚኒባስ ጡሩምባ ይነፋል። አሜሪካ በአውቶማቲክ የለመደ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ረግጦ ያግለዋል። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ የፍሬን ሽታ ይሸተዋል። ያን ጊዜ ፍሬኑ ሊከዳሽ ነው። ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ፣ በሞተር ብሬክ ነው የሚወረደው። መቆሚያ ካገኘሽ ደግሞ አቁመሽ ማቀዝቀዝ ነው።

ባለቤትሽ ጎበዝ ነጂ ይሆናል፤ አልጠራጠርም። ለዚህ መንገድ ግን ሹፌር ይዛችሁ ኑ። የሰርግ ሰው ነሽ፣ ድካሙስ ለምኑ?

ዘንባባ | ታኅሣሥ 4፣ ከጠዋቱ 2:20

ባህር ዳር መድን ላይ ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ ይቅርብኝ።

ማርቆሴዋ፣ አገሪቱ ዝርዝሩ ላይ ከሌለች በአገር ደረጃ አልተከለከለም። እስከዚህ አንቺ ልክ ነሽ። ግን የካርድ መድን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተከራየሽውን መኪና። መኪናው ቢጋጭ ወይ ቢሰረቅ ይከፍላል። የገጨሽው ሰው፣ የገጨሽው ባጃጅ፣ ያፈረስሽው አጥር፣ እግሩን የሰበርሽው በሬ እሱን አይመለከተውም። አሜሪካ ውስጥ ይህ ጎደሎ የማይታይሽ የራስሽ መኪና መድን ከኋላሽ ስላለ ነው። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካና ከካናዳ አያልፍም።

እኛ ጋ ያንን ቦታ የሚይዘው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። የፊት መስታወቱ ላይ ስቲከሩን ታገኚዋለሽ። ቀኑ ያላለፈበት መሆኑን እዪ። ግን የሚከፍለው ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በላይ ያለው ወደ ባለመኪናውና ወደ ነጂው ነው የሚዞረው።

ከዚያ ሙሉ መድን የምንለው አለ። የመኪናውን ጉዳት እሱ ይሸፍናል፤ የመጀመሪያዋን ድርሻ ግን ባለመኪናው ነው የሚችለው። ኤክሰስ እንላታለን። አከራዮች ይህቺን ኤክሰስ ውሉ ላይ ተከራዩ እንዲችላት ያደርጋሉ። እዚህ አገር ካርድሽ የሚጠቅምሽ ከሆነ እዚህች ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤትሽ በአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ብቻ አይንዳ፤ አስቀድሞ እዚህ የሚሠራ ያስቀይር። አደጋ ሲደርስ ፋይሉ ላይ መጀመሪያ የምናየው የነጂውን መንጃ ፈቃድ ነው። እሱ ካልተስተካከለ የእኛም የካርዱም መድን ያበቃል።

ቡሬ ዳሞት | ታኅሣሥ 4፣ ከቀኑ 7:15

የእኔን ልንገራችሁና ከዚያ ራስሽ ፍረጂ።

ዓምና ከካናዳ መጥቼ ባህር ዳር ላይ ቪትዝ ተከራየሁ። በደላላ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፤ ዋጋውም ደህና። «ካርድ ትቀበላላችሁ?» ብለው ሳቀ። ግማሹን በጥሬ ብር፣ ግማሹን በቴሌብር ከፈልኩ። ውሉ በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው። ሁለት ምስክር ፈርመውበታል፤ ልክ እንደ ቤት ሽያጭ።

በሦስተኛው ቀን ቡሬ አጎቴ ግቢ ገባሁ። በሩ ለጋሪ የተሠራ ነው እንጂ ለመኪና አይደለም። የብረት በሩ ማጠፊያ የኋላውን በር ከእጀታው ጀምሮ እስከ ፓራውልቱ ድረስ ላጠው። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አጎቴ ወጡና ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ጭረቱን ፈተጉት። «ቀለም ነው፣ ይለቃል» አሉኝ። የለቀቀው ግን የመኪናው ቀለም ነው።

ባለመኪናው ሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ አሰባሰበ። ላሜራ፣ ቀለም፣ የፓራውልት ቅንፍ፣ መኪናው ለቆመበት ቀን። አንዱ ፕሮፎርማ ከሌላው እጥፍ ነው። እኔ ደግሞ ካርዴን ተማምኜ «ግዴለም፣ መካከለኛውን ይሁን» አልኩ። ደግ ሰው መሰልኩ!

ቶሮንቶ ተመልሼ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ኪራዩ የተከፈለበትን የካርድ ስቴትመንት ይላኩልን» ነው። የለም። ኪራዩን በካርዱ ካልከፈልክ መድኑ አልተጀመረም። በቃ፣ ፋይሉ እዚያው ተዘጋ። የኪራይ ድርጅቱን ውል፣ የጥገና ደረሰኝ፣ የፖሊስ ሪፖርት ሁሉ ይጠይቁ ነበር፤ እኔ ጋ ያለው የሁለት ምስክሮች ፊርማ ነው።

ዘንባባ | ታኅሣሥ 4፣ ከቀኑ 8:02

ቡሬ፣ ሰሌዳው ሰማያዊ ነበር? ኮድ 2?

ቡሬ ዳሞት | ታኅሣሥ 4፣ ከቀኑ 8:10

አዎ። ምነው?

ዘንባባ | ታኅሣሥ 4፣ ከቀኑ 8:31

ኮድ 2 የግል መኪና ነው። መድኑም የሚገባለት ለግል መገልገያ ተብሎ ነው። ባለቤቱ አከራይቶት አደጋ ቢደርስ መድን ድርጅቱ «ይህ ያልተነገረኝ ሥራ ነው» ብሎ ላይከፍል ይችላል። ለዚህ ነው ባለመኪናህ ወደ መድኑ ሳይሄድ በቀጥታ ፕሮፎርማ ይዞ አንተ ጋ የመጣው። ለኪራይ የሚሠራ መኪና ኮድ 3፣ አረንጓዴ ሰሌዳ ነው። ካርዶቹም ቢሆን የሚሸፍኑት ከኪራይ ድርጅት የተከራዩትን ነው፤ ከግለሰብ የተወሰደ መኪና አይገባም።

ቡሬ ዳሞት | ታኅሣሥ 4፣ ከቀኑ 8:40

እና ሁለት መድን ይዤ ያለ መድን ነበር የምነዳው በይኛ።

ኮሶበር | ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 2:00

የእንጅባራ ልጅ ነኝ። ስለ ግሽ ዓባይ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ዘንገና ሐይቅ አስፋልቱ አጠገብ ነው፤ ችግር የለውም። ወደ ሰከላ ስትገነጠዪ ግን ኮረኮንች ነው። የካርዶቹ ውል «ከመንገድ ውጭ መንዳት አይሸፈንም» ይላል። ስለዚህ ግሽ ዓባይ ላይ ካርዱ ዋጋ የለውም።

ጣና ዳር | ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 2:25

ኮሶበር ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ከመንገድ ውጭ ማለት ሜዳ ለሜዳ፣ ወንዝ ለወንዝ መንዳት ነው። ኮረኮንች እኮ መንገድ ነው። አውቶቡስ ይሄድበታል።

ኮሶበር | ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 2:33

አውቶቡሱ ክሬዲት ካርድ የለውማ።

ጣና ዳር | ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 2:50

ሃሃ። እሺ። ግን የሚያሰጋው ሌላ ነው። ብዙ አከራዮች ለትንንሽ መኪና ውላቸው ላይ «ከአስፋልት ውጭ አይነዳም» ብለው ያስገባሉ። የኪራይ ውሉን ከጣስሽ ካርዱ አልከፍልም ይላል። ስለዚህ ከካርዱ ወረቀት በፊት የአከራዩን ወረቀት አንብቢ። ለግሽ ዓባይ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል፤ ፒክአፕ ደግሞ ከኋላ ክፍት ስለሆነ ብዙዎቹ ካርዶች አይሸፍኑትም። ባለ ሁለት ጋቢናው እዚህ የሁሉም ምርጫ ነው፤ ለካርዱ ግን የጭነት መኪና ነው።

ሌላም አለ፤ ሳልወድ ነው የማነሳው። እነዚህ ውሎች ጦርነትና አመጽ የሚያደርሱትን ጉዳት አይሸፍኑም። በሰላሙ ጊዜ ማንም የማያነባት መስመር ናት። የእኛን ሰፈር ሁኔታ ታውቂዋለሽ። በዚያ ሳምንት መንገዱ እንዴት እንደሆነ እዚያው ያለ ሰው ጠይቀሽ ተነሺ።

የበረሃው ሹፌር | ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 3:30

ይኸ ልክ ነው። መንገድ የሚጠየቀው ከሹፌር ነው። ማታ ደውለሽ የጠየቅሽውን ጠዋት ደግመሽ ጠይቂ። በጨለማ ግን አትነሺ።

ማርቆሴዋ | ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 5:10

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የሞተር ብሬኩን ነገር ለባለቤቴ ሳነብለት ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ገብቶታል ማለት ነው።

ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ። 40 ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙኝ። ከዚያ አንዲት ትዕግሥተኛ ሴት አነሳች። የጠየቅኋትና የመለሰችልኝ ይኸው፤ የእኔ ካርድ ነው፣ የእናንተ ሊለይ ይችላል።

ኢትዮጵያ ትሸፈናለች። ኪራዩ ሙሉ በሙሉ በካርዱ መከፈል አለበት። ውሉ ላይ ዋናዋ ተከራይ እኔ ልሁን፤ ባለቤቴ የሚነዳ ከሆነ ስሙ እንደ ተጨማሪ ነጂ ይጻፍ። እኔ ካርዴን ከፍዬ ውሉን በእሱ ስም ላስጽፍ ነበር ያሰብኩት! አደጋ ከደረሰ በ45 ቀን ውስጥ መንገር፣ ቅጹን በ90 ቀን ማስገባት። መጀመሪያ ከኪሴ እከፍላለሁ፤ እነሱ በኋላ ይመልሱልኛል።

ስለ ኤክሰሱ ስጠይቃት ግራ ገባት። እዚህ መድኑን «አልፈልግም» ማለት ግዴታ ነው። አዲስ አበባ የጠየቅኋቸው አከራዮች ግን መድኑ ዋጋው ውስጥ ስላለ የሚቀር ነገር የለም አሉኝ። አለቃዋን ጠይቃ ተመለሰች። መድኑ ከኪራዩ ዋጋ የማይነጠል ከሆነ ካርዱ እኔ ላይ የቀረውን ድርሻ ያያል፤ ውሉ ላይ ግን ተለይቶ መጻፍ አለበት አለች። ይህን በጽሑፍ ላኪልኝ አልኳት። ላከችልኝ።

በመጨረሻ «ሹፌር ያለው መኪና ብይዝስ?» አልኳት። «ታዲያ የምትነጂው አንቺ አይደለሽማ» አለችኝ። መድኑ የሚሠራው እኔ ወይም ውሉ ላይ የተጻፈ ሌላ ተከራይ ሲነዳ ነው።

ዘንባባ | ታኅሣሥ 9፣ ከጠዋቱ 3:00

በጽሑፍ ማስላክሽ ጎበዝ። በሹፌር ስትሄጂ መኪናውም አደጋውም የባለቤቱ ነው። አንቺ ተሳፋሪ ነሽ። ያኔም ቢሆን የሦስተኛ ወገን ስቲከሩንና የሙሉ መድኑን ፖሊሲ አሳዩኝ በያቸው፤ ማሳየት የማይፈልግ ካለ ተይው። የሹፌሩ ስህተት እንደማይመለከትሽ ውሉ ላይ ይጻፍ። አንዳንዱ አከራይ ሹፌር ሰጥቶም ኤክሰሱን ተከራዩ ላይ ይጭናል።

ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ ስትረከቡ ቪዲዮ አንሱ። ጎኑን ብቻ አይደለም። መለዋወጫ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ የፊት መስታወቱን። መስታወት ላይ ያለች የጠጠር ምልክት ስትመልሺ «አንቺ ነሽ» ታስብላለች። አደጋ ከደረሰም መኪናው ሳይነሳ ትራፊክ ፖሊስ ጠርታችሁ ፕላን፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ አስነሱ። ያለ ፕላን እኛም አንከፍልም፤ የአሜሪካኖቹም አይከፍሉም። ሪፖርቱ በአማርኛ ስለሆነ ደግሞ አስተርጉመሽ ነው የምትልኪው።

የደምበጫ ልጅ | ታኅሣሥ 9፣ ከጠዋቱ 3:20

እኔ በፈረስ ነው የምሄደው። ኤክሰስ የለውም።

ጣና ዳር | ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 1:15

ካርዱን ጨርሶ የጣልነው እንዳይመስል። እኔ ዱባይ ላይ አምስት ቀን የተከራየሁት በካርዱ መድን ነው። ማሽኑ ላይ ከፈልኩ፤ ውሉ የታተመ፤ መንገዱ እንደ ጠረጴዛ። ስመልስ የፊት ጎማ ከንፈሩ ተፍቆ ተገኘ። ወረቀቱ ሙሉ ስለነበር በሁለት ወር ውስጥ ገንዘቤ ተመለሰልኝ። ካርዱ ወረቀት ባለበት አገር ይሠራል። እኛ ጋ ገና ብሩ በእጅ፣ ውሉ በእምነት ነው።

ደግሞ የድሮ ካርድ ያላችሁ ዝርዝሩን እንደገና እዩ። ዲስከቨር እ.ኤ.አ. በ2018፣ ሲቲ በ2019 ከብዙ ካርዶቻቸው ላይ ይህን መድን አንስተውታል። አለኝ ብሎ በሌለው ነገር የሚነዳ ብዙ ሰው አለ።

ማርቆሴዋ | ታኅሣሥ 12፣ ከምሽቱ 4:45

ወሰንን። ከአዲስ አበባ ኮድ 3 መኪና ከነሹፌሩ። ፖሊሲውን በቴሌግራም ላኩልኝ፤ ሳልጨቃጨቅ። ባለቤቴ ትንሽ ከፋው። ዱባይ ላይ ሁለት ቀን ትራንዚት አለን፤ እዚያ በካርዱ ተከራይተን እሱ ይንዳ ብዬ አስታረቅሁት።

ማርቆሴዋ | የካቲት 2፣ ከምሽቱ 3:20

ተመልሰናል። ሰርጉ አማረ። ምን እንደሆነ ሳልነግራችሁ አልቀርም።

ከባህር ዳር ስንመለስ፣ ደምበጫን አልፈን አማኑኤል ልንደርስ ስንል ነው። የገበያ ቀን ነበር። መንገዱ ግራና ቀኙ አህያ፣ በግ፣ ጆንያ የተሸከመ ሰው። ሹፌራችን ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፤ ከ30 አይበልጥም። አንድ ሙክት ገመዱን በጥሶ ከመንጋው መሀል ዘሎ ገባ። ፍሬን ያዘ፤ ግን ጠርዙ ነካው። የኋላ እግሩ ተሰበረ። የመኪናው መብራት መስታወት ተሰነጠቀ።

ልጆቼ አለቀሱ። ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ጀመረ፤ ዘንባባ ያስተማረችውን ሁሉ። እኔ ሳላስበው ቦርሳዬን ከፍቼ ካርዱን ይዣለሁ። ለማን ልሰጠው እንደሆነ እንጃ።

ባለበጉ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉና መጀመሪያ ልጆቹን «አይዟችሁ፣ አልሞተም» አሏቸው። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። በአንድ አፍታ አምስት ስድስት ሰው ከበበን። ሹፌሩ «አባቴ፣ ጥፋቱ የገመዱም ነው» አለ። እሳቸው «ገመዱ አይከፍልም» አሉት። ሁሉም ሳቀ። አንድ ዳኛ የሚመስል ሰው ከመሀል ገብቶ ዋጋውን ሲጠይቃቸው ገበያ ላይ ሊጠሩት ያሰቡትን ጠሩ። ሹፌሩ ግማሹን እችላለሁ አለ። መብራቱን ባለመኪናው በመድኑ ያሠራዋል፤ ያ እኔን አይመለከተኝም፤ ውሉ ላይ አስጽፌያለሁ። ግማሹን እኔ ጨመርኩና በጉን ገዛነው። እዚያው ታርዶ መኪናው ላይ ተጫነ። ለመልሱ ደረሰ።

ዘንባባ | የካቲት 3፣ ከጠዋቱ 2:40

እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ። ግን ለመብራቱ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን አነሳ?

ማርቆሴዋ | የካቲት 3፣ ከጠዋቱ 2:55

እህቴ፣ ፕላን ሳይነሳ በጉ ተበላ።